ዘርን በቁልፍ ወይስ በጎረቤት?



በዚህች ጋዜጣ ላይ ስለ ምግብ አዳራሹ ወጥ ቅጥነት፥ ስለ መኝታ ቤቱ ውሃ መጥፋትና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም መጻፉ አይቀርም። ወጡ ውስጥ ስለሚገባው ቲማቲም ዘር የጻፈ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እንዲህ ያለው ነገር ለገበሬና ለአትክልተኛ እንጂ ለዩኒቨርሲቲ ሰው አይመጥንም የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ልብ ሳያድር አልቀረም። እኔን በበኩሌ ከወጡ ቅጥነት ይልቅ ይህ ያሳስበኛል። በጓሮው ቲማቲም ተክሎ የሚበላ ሰው ዘሩን ከፍሬው አውጥቶ ማስቀረትና ለጎረቤቱ ማካፈል የማያውቅ ከሆነ፥ ዕድሜ ልኩን በየዓመቱ ከዘር ሻጭ ደጃፍ ሲቆም ይኖራል፤ ሻጩ ዋጋ ቢጨምርበት ወይም የሚወደውን ዓይነት ማምጣት ቢተው የሚለው ነገር የለውም።

የነገሩን ሥር ለማየት ከጎመን እንጀምር። በአገራችን መንደር የጎመን ዘር በገንዘብ መግዛት የማይታሰብበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንደዚያው ነው። አንዲት ሴት ዝናቡ ጣል ጣል ሲል መደቧን ከቆፈረች በኋላ ዘር ያጠራት እንደ ሆነ ወደ ጎረቤት ዘልቃ፥ «እትዬ፥ የጎመን ዘር ይኖርዎታል?» ትላለች። የተጠየቀችውም ሴት በጨርቅ ቋጥራ ያንጠለጠለችውን ፈትታ በመዳፏ ትሰፍርላታለች። ዋጋ አይነገርም፤ ደረሰኝ አይጻፍም። ይህ ሲባል ግን ነገሩ ባዶ ልግስና ብቻ አይደለም። በሚመጣው ዓመት የሰጪዋ ጎመን በውርጭ ወይም በተባይ ቢያልቅባት፥ ዘሯ በጎረቤቷ ጓሮ ቆሞ ይጠብቃታል። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቻችን ይህንን ቢመረምሩት መድን ብለው ስም ያወጡለት ነበር። በአመድ ታሽቶ የሚቀመጠው የዱባ ዘርም፥ ከምድጃው በላይ በጭስ የሚሰቀለው የበቆሎ ራስም የሚያድረው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ቲማቲም ግን ወደዚህ ሥርዓት በሚገባ አልገባም፤ እንግዳ ነውና። የዱር ዘመዶቹ የሚገኙት በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ በፔሩና በኢኳዶር አካባቢ ነው፤ ለማዳ ተክል አድርገው ያሳደጉት የሜክሲኮ ጥንታውያን ሰዎች ናቸው፤ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ የደረሰውም በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። በአማርኛ ቲማቲም መባሉ ከዐረቦቹ ጠማጢም ጋር ይቀራረባል፤ በትግርኛ ኮሚደረ መባሉ ግን ከጣልያኖቹ ፖሞዶሮ የመጣ ነው። ከአንድ በር በላይ አንኳኩቶ እንደ ገባ ስሙ ይመሰክራል። የከተማ ሰው ቲማቲምን የሚያውቀው በገበያ ቅርጫት ነው፤ ሊተክለው የፈለገም እንደ ሆነ ሥዕሉ ያማረ የዘር ፓኮ ወይም የፈላ ችግኝ ይገዛል። ፍሬውንም በላ፥ ዘሩን ከልጣጩ ጋር ጣለ። በአንድ ፍሬ ውስጥ ከመቶ የማያንስ ዘር በእጁ ይዞ ሳለ፥ «ዘር አጣሁ» ይላል!

እዚህ ላይ አንድ የእርሻ ትምህርት ተከታይ የሆነ ወዳጄ ይቃወመኛል። «ጤፍና ገብስ፥ ስንዴና ማሽላ እያሉን ስለ ባዕድ ተክል ዘር ምን አስጨነቀህ? ቲማቲም የአባት ዘር ሊባል አይችልም» ይላል። እኔ ደግሞ የአባት ዘር የሚያሰኘው የበቀለበት አገር ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው እላለሁ። ለዚህም ምስክሮቼ አሜሪካኖች ናቸው።

በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ አገር ዳያን ኦት ዊሊ የምትባል ሴት ከአያቷ የቲማቲም ዘር ተቀበለች። ቲማቲሙ ትልቅና ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። ዘሩን የአያቷ ወገኖች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ከጀርመን አገር ከባቫሪያ ሲሰደዱ ይዘውት የመጡት ነው። አስቡት እንግዲህ፤ በሜክሲኮ ያደገ ተክል ወደ አውሮፓ ሄዶ፥ በባቫሪያ ጓሮ ኖሮ፥ ተመልሶ በስደተኛ ሻንጣ አሜሪካ ገባ። አያትዮው ሲያርፉ ዘሩን የሚጠብቀው እርሷና ባሏ ብቻ መሆናቸውን ባዩ ጊዜ፥ በየመንደሩ እንዲሁ ከአንድ ሽማግሌ ጋር መቃብር የሚወርድ ስንት ዘር እንዳለ ታያቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዘር ያላቸውን ሰዎች በደብዳቤ የሚያገናኝ ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ጽሑፋቸው ከዚህች ከእኛ ጋዜጣ የማይበልጥ፥ ጥቂት ገጽ ያለው ዝርዝር ነበር፤ ማን ምን ዘር እንዳለውና በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ ይናገራል፤ የቀረው የፖስታ ቤት ሥራ ነው። ዛሬ ይህ ማኅበር ከ20,000 የሚበልጥ የዘር ዓይነት ይጠብቃል።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይልቅ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 ክሬግ ለሁሊየር ለሚባል በሰሜን ካሮላይና የሚኖር የኬሚስትሪ ሰው ከቴነሲ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። በፖስታው ውስጥ ጥቂት የቲማቲም ዘር አለ፤ ላኪው ከጎረቤቶቹ እንዳገኘው፥ ጎረቤቶቹም ከመቶ ዓመት በፊት ከቼሮኪ ሕዝብ የተቀበለ ቤተ ሰብ እንደ ሆኑ ጽፏል፤ ለቲማቲሙ ግን ስም የለውም። ለሁሊየር ዘራው። ፍሬው ሲበስል ጠቆር ያለና ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሆነ፤ መልኩ የተመታ ሥጋ ይመስላል፤ ጣዕሙ ግን ግሩም ነው። እርሱም የቼሮኪ ወይን ጠጅ ብሎ ስም አወጣለት፤ ዘሩንም ለወዳጆቹና ለአንዳንድ ትንንሽ ዘር ሻጮች በተነ። ዛሬ በብዙ አገር በብዙ ሺህ ጓሮ ይበቅላል። ስለ ቼሮኪዎቹ የተነገረው እውነት ይሁን አይሁን የሚያረጋግጥ ወረቀት የለም። የማይካደው ነገር ግን ያ የቴነሲ ሰው ፖስታውን በዚያ ዓመት ባይልከው ኖሮ ይህ ቲማቲም ከአንድ መንደር አጥር ሳይወጣ ሊጠፋ ይችል እንደ ነበር ነው። ለዚህ የወጣው ወጪ የአንድ ቴምብር ዋጋ ነው።

ወዳጄ አሁንም አይረታም። «ዘር መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለዚሁ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት አለ» ይላል። አዎን፥ አለ፤ ልንኮራበትም ይገባል። የዕፀዋት የዘር ሀብት ማዕከል በአገራችን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ ነው። ዳሩ ግን ያንን ማዕከል ለብዙ ዓመታት የመሩትና ስለ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የውጭ አገር ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደ ሲያስተምሩ የኖሩት ምንድን ነው? ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ አይድንም፤ ገበሬው በማሳው እየዘራ፥ እየመረጠ፥ እየተለዋወጠ ሲጠብቀው ነው የሚድን፤ ማዕከሉና ገበሬው ይደጋገፉ የሚል ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን እስከ መብላት በደረሰ ጊዜ ይህ አሳብ በተግባር ተፈትኗል፤ ከዚያም በኋላ በየአካባቢው የማኅበረ ሰብ የዘር ጎተራዎች ሊቋቋሙ ችለዋል። ለተጠራጠረ ሰው ደግሞ የሶርያን ነገር ልጥቀስ። በአሌፖ አጠገብ የነበረው ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ በጦርነቱ ምክንያት ሥራው ሲሰናከል፥ ሊቃውንቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በኖርዌይ ስቫልባርድ በበረዶ ተራራ ውስጥ በአደራ ያስቀመጡትን ዘር አስመጥተው እንደ ገና አባዙት። ዘሩን ያዳነው የአሌፖ በር ጥንካሬ አልነበረም፤ አስቀድሞ ለሌላ መሰጠቱ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ እውነት ሳልሸፍን መናገር አለብኝ። ከገበያ የተገዛን ማንኛውንም ቲማቲም ዘሩን አውጥቶ መዝራት እናቲቱን የሚመስል ልጅ አያስገኝም። በመቂና በባቱ አካባቢ ለገበያ የሚያመርቱ ሰዎች ከሚተክሉት ብዙው እንደ ገሊላ ያለ የሀይብሪድ ዘር ነው። ሀይብሪድ የሁለት የተለያዩ ወላጆች የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ አንድ ዓይነት፥ ብርቱና ፍሬያማ ይሆናል። የእርሱን ዘር መልሰው ሲዘሩ ግን የወላጆቹ ጠባይ ይበታተናል፤ አንዱ ተክል ረጅም፥ አንዱ አጭር፥ የአንዱ ፍሬ ጠንካራ፥ የአንዱ ውሃ ብቻ ይሆናል። ይህንን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሜንዴል አተር ላይ ተምረን፥ ሦስት ለአንድ እያልን ሸምድደን፥ በፈተናም ጽፈን ጥለነዋል። በራሳችን ሰሐን ላይ ያለው ቲማቲም የዚያ ትምህርት ሰለባ መሆኑን ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው።

ሀይብሪድን ልሰድብ አልተነሣሁም። ለገበያ ለሚያመርት ገበሬ ብዙ ምርት ይሰጠዋል፤ አንዳንዱም በሽታ ይቋቋማል። ልጆቹን በዚያ የሚያስተምር ሰው ፊት ቆሜ «ተወው» ልለው አልደፍርም። የምለው ለጓሮ አትክልተኛ ሌላ መንገድ አለው ነው። የመልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ፥ እንዲሁም ከውጭ የመጡት ሮማ ቪ ኤፍና ማርግሎብ ዘራቸው ሲዘራ ራሳቸውን መልሰው የሚሰጡ ናቸው። ማርግሎብን የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጡት ነው፤ መቶ ዓመት አልፎትም ዘሩ ዛሬ ይዘራል። ከእነዚህም በላይ በየጓሮው ማንም ሳይዘራው ከአመድ ክምር ላይ በየዓመቱ የሚበቅል ትንንሽ ፍሬ ያለው ቲማቲም የማያውቅ ማን ነው? እርሱን ስም ሰጥቶ፥ ጠባዩን ጽፎ የያዘ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሥራውም ቢሆን ከባድ አይደለም፤ እንዲያውም ለጀማሪ ከቲማቲም የሚቀል ዘር ጥቂት ነው። ዱባን ንብ ከጎረቤት ዱባ ጋር ያዳቅልብናል፤ ሽንኩርትና ካሮት ዘር እስኪሰጡ ሁለት ወቅት ያስጠብቃሉ። የቲማቲም አበባ ግን የሴቴውን ክፍል በወንዴው ክፍል ሸፍኖ ስለሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ሁለት ዓይነት የተከለ ሰው ጥቂት እርምጃ ቢያራርቃቸው ይበቃዋል። የሴቴው ጫፍ ከአበባው ወጣ የሚልባቸው አንዳንድ የድሮ ዓይነቶች ግን ንብ ስለሚደርስባቸው ሰፋ ያለ ርቀት ይሻሉ።

ዘር የሚወጣው ከትልቁ ፍሬ ሳይሆን ከጤነኛው ተክል ነው። አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ተክሎች መርጦ፥ ፍሬው በተክሉ ላይ ፈጽሞ እስኪበስል መተው ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ተቆርጦ ዘሩ ከነዝልግልጉ በብርጭቆ ይጨመቃል። ያ ዝልግልግ ነገር ዘሩ ገና በፍሬው ውስጥ ሳለ እንዳይበቅል የሚያግድ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን እንዲፈላ ይተዋል። በላዩ ሻጋታ ይይዛል፥ ይሸታልም፤ የመኝታ ቤት ጓደኞቻችሁ ቢያጉረመርሙ መስኮቱን ክፈቱላቸው። ከዚያ በላይ ግን መቆየት የለበትም፤ ዘሩ በብርጭቆው ውስጥ መብቀል ይጀምራልና። ውሃ ጨምረው ሲያማስሉት ደኅናው ዘር ከታች ይዘቅጣል፥ ፍሬ አልባው ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈው ይደፋል። ደጋግሞ አጥቦ በሰሐን ላይ በጥላ ማድረቅ ነው፤ በወረቀት ላይ የደረቀ እንደ ሆነ ተጣብቆ ያስቸግራል፤ ከእሳት አጠገብም አይሁን። ሲደርቅ በፖስታ ተከትቶ፥ ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት፥ ክዳን ባለው ብልቃጥ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል። እንዲህ የተያዘ ዘር አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል።

መምህራኖቻችን ሊያነሡት የሚችሉት አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የበሽታ ነገር ነው። እውነት ነው፥ አንዳንድ የቲማቲም በሽታ በዘር ይተላለፋል፤ ዘርን መለዋወጥም በሽታን መለዋወጥ ሊሆን ይችላል። ማፍላቱ አንዳንዱን ይቀንሳል እንጂ ሁሉን አያጠፋም። ለዚህ ነው ነገሩ በጓሮ ብቻ ሳይቀር ዩኒቨርሲቲው እጁን እንዲያስገባበት የምፈልገው። ቅጠል አይቶ ይህ ቫይረስ ነው፥ ይህ ባክቴርያ ነው የሚል ሰው በመካከላችን አለ፤ በመንደር ግን የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የዘረፋ ነው። «ዘራችንን በግልጽ ብናካፍል የውጭ ኩባንያ ይወስደዋል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ይዞ እንደ ነበር፥ በሆላንድ የነበረውንም መብት የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ሻረው ሁላችን ሰምተናል። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት በሩን ዘግተን እርስ በርሳችን እንኳ እንዳንሰጣጥ ነውን? እንዲያ ከሆነ ራሳችንን ቀጣን። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘር ሀብታችንን ለመውሰድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥርዓት ሲያቆም፥ የኢትዮጵያ ማኅበረ ሰቦች በልማዳቸው እርስ በርስ የሚለዋወጡትን አልነካም። ሌባንም ቢሆን የሚያሳፍረው የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ማን፥ የት፥ ከመቼ ጀምሮ ይዘራው እንደ ነበረ የተጻፈ መዝገብ ነው። በጀርመን አገር በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ሱንቪቫ የተባለ ቢጫ ቲማቲም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፥ ማንም እንዲዘራውና እንዲያሻሽለው፥ ማንም ግን የግሌ ነው እንዳይል በሚያዝ ውል ነው። ዩኒቨርሲቲ ለቲማቲም እንዲህ ያለ ውል ሲጽፍ ካየን፥ እኛ አንድ መዝገብ ለመክፈት ምን ያሳፍረናል?

እንግዲህ ለተማሪዎች ማኅበር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ የዘር ሣጥን ይቀመጥ፤ አጠገቡም መዝገብ ይኑር። የሚፈልግ ሰው ሃያ ዘር በብድር ይውሰድ፤ ተክሎ ካፈራ በኋላ ዐርባ አድርጎ ይመልስ፤ ተክሉ ቢሞትበት ለምን እንደ ሞተ ጽፎ ይመልስ፤ ይህም ዋጋ አለው። ገንዘብ አይግባበት። በመዝገቡ ላይ የቲማቲሙ ስም፥ ከማን ጓሮ እንደ መጣ፥ በየትኛው ወር እንደ ተዘራ፥ ምን ጠባይ እንደ ታየበት ይስፈር። የእያንዳንዱ ዘር ግማሽ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ በአደራ ይቀመጥ፤ የአሌፖን ነገር ያነሣሁት ለዚህ ነው። በግቢው ውስጥ ቤትና ጓሮ ያላችሁ መምህራን አንድ አንድ መደብ ብትለቁልን አንጠላም። የግቢውን አትክልተኞች ደግሞ ሠራተኛ ናቸው ብለን እንዳንዘላቸው፤ ችግኝ በማፍላት ከእኛ ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቃሉና ጋሼ ብለን ሄደን እንጠይቃቸው።

አንድ ፍርሃት ግን አለኝ፥ እርሱም ከራሳችን ጠባይ የሚመጣ ነው። ማኅበራችን ሹማምንቱን በየዓመቱ ይለውጣል፤ በጭብጨባ የተቋቋመ ክበብ መሥራቾቹ ሲመረቁ አብሮ ይመረቃል። ማኅተሙ ይጠፋል፥ የቁልፉ ነገር አይታወቅም። የቲማቲም ዘር ይህንን አይታገሥም። በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ካልተዘራና ካልታደሰ፥ በሣጥን ውስጥ የሞተ ዘር የምንጠብቅ ሰዎች እንሆናለን። ስለዚህ ኃላፊነቱ ለአንድ ሊቀ መንበር አይሰጥ፤ ከየዓመቱ ተማሪ ሁለት ሁለት ሰው ይመረጥ፥ ተመራቂዎቹም ከመሄዳቸው በፊት መዝገቡን ከአንደኛ ዓመቶቹ ጋር ቆጥረው ያስረክቡ።

ክረምቱ ሲወጣ፥ መስከረም ላይ ችግኝ ለማፍላት ከተፈለገ ዘሩ እስከ ነሐሴ መጨረሻ መሰብሰብ አለበት። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ የምትሄዱ ሁሉ በእናቶቻችሁና በጎረቤቶቻችሁ ጓሮ ያለውን ቲማቲም እስኪ ጠይቁ፤ ከገበያ ችግኝ የተተከለውንና በራሱ ዘር ሲተካ የኖረውን ለዩ። ያገኛችሁትን አፍልታችሁ፥ አድርቃችሁ በፖስታ አምጡ። በፖስታው ላይ የሰጪው ሰው ስም በፈቃዱ፥ ወረዳው፥ ዘሩ በዚያ ቤት የቆየበት ዘመንና የወጣበት ወር ይጻፍ። ምንም ያልተጻፈበት ፖስታ ግን ሣጥኑ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ከመዝገቡ ጋር ማገናኘት አይቻልምና።